ጥርጣሬው በአደባባይ፣ ይቅርታው በጓዳ?



ኤም 82 የተባለ ጋላክሲ ከእኛ 12 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። ለሰማይ ተመራማሪዎች ግን ይህ ጎረቤት ነው። ከዋክብት ከእኛው ፍኖተ ሐሊብ ይልቅ አሥር እጥፍ ያህል በፈጠነ ሁኔታ ይወለዱበታል። በውስጡም ሐኪም ቤት ራጅ የምንለውን ጨረር አብዝተው የሚረጩ አካላት አሉ። ጨረሩን የምድር አየር ስለሚያግደው የሚጠናው ወደ ጠፈር በተላኩ መሣሪያዎች ነው።

ከእነዚህ አካላት አንዱ ኤም 82 ኤክስ-2 ይባላል። ጉልበቱ የሚሊዮኖች ፀሐይ ያህል በመሆኑ ሊቃውንቱ ጥቁር ጉድጓድ ነው ብለው ገመቱ። ግምቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። በ2014 እ.ኤ.አ. ግን ኑስታር የተባለው መሣሪያ በዚያው ጋላክሲ የፈነዳን ኮከብ ሲመለከት ሳለ፣ ከዚህ አካል በየ1.37 ሴኮንዱ የሚመታ ትርታ ተገኘ። ጥቁር ጉድጓድ እንዲህ ያለ ወጥ ትርታ አይሰጥም። አካሉ የሞተ ኮከብ ቅሪት፣ ስፋቱም ከአንድ ከተማ የማይበልጥ የኒውትሮን ኮከብ ኖሯል። ማቴዮ ባኬቲና ባልደረቦቹም ይህንኑ በዚያው ዓመት ኔቸር በተባለው መጽሔት አሳወቁ።

ግምቱ በአደባባይ ተነግሮ ነበር፤ እርማቱም በአደባባይ ተነገረ። እኛስ?

ከራሴ ልጀምር። ከሱብሒ ሶላት የማይቀር አንድ የመስጊዳችን ወጣት ድንገት ጠፋ። እኔም ከሶላት በኋላ ተሰብስበን ሳለ «ዱንያ ወሰደችው» አልኩ። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ከወራት በኋላ ለካ ሌሊቱን የታመሙ እናቱን ሲያስታምም ነው የከረመው። ቤቱ ሄጄ «ዐፉ በለኝ» አልኩት፤ ዐፉ አለኝ። ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ከእኔ አንደበት የሰሙት ሰዎች ዛሬም በዚያው ዓይን ያዩታል። ኮከብን በግምት ቢስቱት ኮከቡ አይጎዳም፤ ሰው ግን ይጎዳል።

ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ ያዘናል፤ ከፊሉ ኃጢአት ነውና። በሱረቱል በቀራ ደግሞ እውነትን የደበቁ ሰዎች ተውበት፣ ያበላሹትን ከማስተካከልና የደበቁትን ግልጽ ከማድረግ ጋር ተያይዞ ተጠቅሷል። እኔም ከዚህ የምረዳው፣ በጆሮ ብዛት የተዘራ ስሕተት በአንድ ጆሮ ሹክሹክታ እንደማይነቀል ነው።

«በሰው ፊት ተሳሳትኩ ማለት ክብር ይቀንሳል» የሚሉ አሉ። ኢማሙ ሻፊዒይ በኢራቅ ሳሉ ከሰጧቸው ብይኖች ብዙዎቹን ግብፅ ከገቡ በኋላ ለውጠዋል። የቀድሞውና የአዲሱ አቋማቸው ልዩነትም እስከ ዛሬ በፊቅህ ትምህርት ይወሳል። ታዲያ ከክብራቸው ምን ጎደለ?

እርግጥ ነው፣ እርማቱ የሰውን ገመና የሚገልጥ ሌላ ሐሜት እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። ስለዚህ ይህን የጻፍኩት ወጣቱን አስፈቅጄ ነው። ነገም ኢንሻአላህ ከሱብሒ በኋላ፣ በዚያው ቦታ፣ በእነዚያው ሰዎች ፊት «ስለሱ የተናገርኩት ሐሰት ነበር» እላለሁ። ከዚህ ጽሑፍ ይልቅ የሚከብደኝ እሱ ነው።

ወላሁ አዕለም።