ሕመምን ሀኬት ብሎ ስለ መፍረድ



ሰው በባልንጀራው ላይ ለመፍረድ የሚቸኩለው ዐይኑ ባየው ነገር ብቻ አይደለም፤ ዐይኑ ባላየውም ነገር ይፈርዳል። እግሩ የተሰበረ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ቢቀር ማንም አይወቅሰውም፤ ስብራቱ ይመሰክርለታልና። ነገር ግን መልኩ ያልጠቈረ፥ ሰውነቱ ያልከሳ፥ ትኩሳትም የሌለበት ሰው «ደከመኝ፥ መቆም አልቻልሁም» ያለ እንደ ሆነ ቤተ ሰቡ ይታዘበዋል፤ አሠሪው ይጠረጥረዋል፤ ካህኑም ይገሥጸዋል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የወደድነው ጥያቄ ይህ ነው፤ የማይታይ ሕመም አለብኝ የሚል ሰው ቃሉ ሊታመን ይገባዋልን? ወይስ ማስረጃ እስኪያቀርብ ድረስ እንደ ሀካይ ሊቈጠር ይገባዋል?

ይህን ጥያቄ የምናነሣው ከመጻሕፍት አግኝተነው ብቻ አይደለም፤ በድለን ተምረንበታልና ነው። ከንስሐ ልጆቻችን አንዲቱ በሐኪም ቤት ሕሙማንን የምታስታምም፥ ለኪዳን ጸሎትም ከሁሉ ቀድማ የምትደርስ ትጉህ ሴት ነበረች። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው) በ2021 ዓ.ም. በኮሮና ታመመች። ትኩሳቱ ለቀቃት፥ ሳሉም ተዋት፤ ድካሙ ግን አልለቀቃትም። ከኪዳን ቀረች፤ ቅዳሴውን ተቀምጣ ታስቀድስ ጀመር፤ በኋላም ፈጽማ ቀረች። ጠርተን በጠየቅናት ጊዜ «አባ፥ ሌሊቱን ተኝቼ ስነሣ እንዳልተኛ ሰው ነኝ፤ አንድ ቀን ልብስ ያጠብሁ እንደ ሆነ ሦስት ቀን እወድቃለሁ» አለችን። እኛም መልኳን አይተን ጤነኛ መሰለችን። የሀኬት መንፈስ ነው ብለን ፈርደን፥ ስግደት በማይከለከልበት ቀን ሁሉ 40 ስግደት እንድትሰግድ፥ በየሳምንቱም ጥቂት ጥቂት እንድትጨምር አዘዝናት። ታዛዥ ነበረችና ሰገደች። በ3ኛው ሳምንት ከአልጋዋ መነሣት ተሳናት፤ ብርሃንና ድምፅ ስለሚያውካት መጋረጃ በተጋረደበት ክፍል ለብዙ ወራት ተኛች።

ስለዚህ ሕመም መጠየቅ የጀመርነው ከዚህ በኋላ ነው። ስንጠይቅም ሕመሙ አዲስ እንዳልሆነ አገኘን። በ1955 ዓ.ም. ለንደን በሚገኘው ሮያል ፍሪ በተባለው ሆስፒታል ከሐኪሞችና ከአስታማሚዎች ጀምሮ 292 ሠራተኞች በአንድ ወራት ታመሙ፤ ከእነርሱም 255ቱ አልጋ ይዘው ተኙ፤ ሆስፒታሉም ለጊዜው ተዘጋ። ከታመሙት ብዙዎቹ ለረጅም ጊዜ ኃይላቸው አልተመለሰላቸውም። ሊቃውንቱ ሕመሙን ማያልጂክ ኢንሴፋሎማየላይተስ ብለው ሰየሙት። በ1970 ዓ.ም. ግን ማክኢቬዲና ቢርድ የተባሉ ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች የቀድሞውን መዝገብ አገላብጠው፥ ከታመሙት የሚበዙት ሴቶች መሆናቸውንም እንደ አንድ ምክንያት ቈጥረው፥ ነገሩ የመንፈስ መታወክ ከአንዱ ወደ ሌላው ተዛምቶ ነው ብለው ጻፉ። ይህም ቃል በሕሙማን ላይ ለብዙ ዘመን እንደ ፍርድ ሆኖ ኖረ። በ1988 ዓ.ም. በአሜሪካ «ሥር የሰደደ የድካም ሕመም» የሚል ስም ተሰጠው፤ ይህም ስም ሰሚውን ይበልጥ አሳሳተው፤ ድካም የሚባለውን ነገር ሁሉም የሚያውቀው ይመስለዋልና።

ነገር ግን ይህ ድካም እኛ የምናውቀው ድካም አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ይባል የነበረው የሊቃውንት ጉባኤ ብዙ ሺህ ጽሑፎችን መርምሮ እንዳስረዳው፥ የሕመሙ ዋና ምልክት ከጥረት በኋላ የሚመጣው መውደቅ ነው። ጤነኛ ሰው ሠርቶ ቢደክም ዐርፎ ይበረታል፤ ይህ ሕመምተኛ ግን ጥቂት ሠርቶ ወይም ጥቂት አንብቦ፥ ብዙ ጊዜም ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ፥ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ይወድቃል። እንቅልፉ አያሳርፈውም፤ ሐሳቡ ይበተንበታል፤ ሲቆምም ራሱ ይዞርበታል። ጉባኤው በዚያች አገር ብቻ የሕሙማኑን ቍጥር ከ836,000 እስከ 2.5 ሚሊዮን ገምቶታል፤ የሚበዙትም ሕመማቸው ምን እንደ ሆነ በሐኪም ያልተነገራቸው ናቸው።

እንግዲህ ሀኬትና ይህ ሕመም በምን ይለያያሉ? ሀካይ ኃይል ሳለው ፈቃድ የጐደለው ሰው ነው፤ ሕመምተኛው ግን ፈቃድ ሳለው ኃይል የጐደለው ነው። ለሀካይ መድኃኒቱ ጥረት ነው፤ ለዚህ ሕመምተኛ ግን ከአቅሙ ያለፈ ጥረት መርዝ ነው። ስለዚህ አንዱን ስለ ሌላው ተክቶ ማከም፥ የእሳት ቃጠሎን በፍም እንደ ማሸት ይሆናል።

ይህን ስሕተት የሠራን እኛ ብቻ አለመሆናችንን ስናውቅ አልተጽናናንም፤ ነገር ግን ተማርንበት። በ2011 ዓ.ም. በእንግሊዝ በ641 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ፥ እንቅስቃሴን በየጊዜው እየጨመሩ ማሠራት ይጠቅማል አለ። ሐኪሞችም ብዙዎች እንዲሁ አዘዙ። ሕሙማኑ ግን «እኛን ጐዳን» እያሉ ጮኹ፤ ሌሎች ሊቃውንትም የጥናቱን አሠራር ነቀፉ። ከ10 ዓመት በኋላ፥ በ2021 ዓ.ም.፥ የዚያው አገር የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ማስረጃውን መዝኖ፥ እንዲህ ያለው እየተጨመረ የሚሄድ እንቅስቃሴ ለዚህ ሕመም እንዳይታዘዝ ወሰነ፤ በፈንታውም ሕመምተኛው አቅሙን መጥኖ እንዲኖር መከረ። እኛ በስግደት ያዘዝነው፥ እነርሱ በእንቅስቃሴ ካዘዙት ጋር አንድ ነበረ። ሐኪሞቹ የቀድሞ መመሪያቸውን በአደባባይ ከለወጡ፥ ስለ ንስሐ የምናስተምር እኛ ስሕተታችንን ልንሸሽግ እንዴት ይገባናል? ስለዚህ ወደ ቤቷ ሄደን፥ በአልጋዋ ግርጌ ቆመን፥ ይቅርታ ጠየቅናት። ይቅር አለችን፤ ኃይሏ ግን በይቅርታው አልተመለሰም።

በዚህ ላይ «አስመስለው የሚተኙ ሰዎች የሉምን?» የሚል ጠያቂ ይነሣ ይሆናል። አሉ። ነገር ግን ሁለቱን ስሕተቶች በሚዛን እናስቀምጣቸው። ሐሰተኛውን ብናምነው ጥቂት እንጀራና ጥቂት ጊዜ እናጣለን። እውነተኛውን ባናምነው ግን ሰውነቱን እንሰብራለን፤ በሕመሙ ላይም ብቸኝነትን እንጨምርበታለን። ፈራጅ ከተጠራጠረ ጕዳቱ ወደሚያንሰው ወገን ማዘንበል ይገባዋል። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡ ጊዜ አጽናኞች ነበሩ፤ መከራውን በኃጢአቱ መተርጐም በጀመሩ ጊዜ ግን በደሉ። ኤልያስም ደክሞ ከክትክታ ዛፍ ሥር በወደቀ ጊዜ መልአኩ ያመጣለት ተግሣጽ አልነበረም፤ ምግብና ውሃ ነው፤ በልቶም ተመልሶ ቢተኛ አልነቀፈውም።

ደግሞም ስለ ተስፋ የምንናገረው አለን። ይህች እኅት ጥቂት ብርታት ባገኘች ሰዓት የምርምሩን ወሬ በልጇ ስልክ ታነብባለች። ምርምሩም ተስፋን የሚሰጥና የሚነሣ ሆኖ ኖሯል። በ2009 ዓ.ም. የሕመሙ ምክንያት አንድ ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም የሚል ጽሑፍ በታላቅ መጽሔት ታትሞ ብዙዎች ደስ አላቸው፤ ሌሎች መርማሪዎች ግን ሊያገኙት ስላልቻሉ በ2011 ዓ.ም. ጽሑፉ ተሻረ። በ2025 ዓ.ም. ደግሞ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ጥናት የ15,579 ሕሙማንን የዘር ቅንጣት ከጤነኞች ጋር አመሳክሮ ልዩነት የታየባቸውን 8 ስፍራዎች አመለከተ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ሰውነት በሽታን ከሚከላከልበት አሠራርና ከነርቭ ጋር የሚዛመዱ ናቸው። ይህ መንገድ አመልካች እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ ሕመሙን ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራም ሆነ ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም።

ይህን ባወራችን ቀን ከዐቢይ ጾም 4ኛው እሑድ፥ መጻጉዕ፥ ነበረ። «አባ፥ ውሃው ሲናወጥ ከሩቅ አያለሁ፤ እኔ ዘንድ ግን ገና አልደረሰም» አለችን። ተስፋ ቈርጣ አልነበረም። የመጻጉዕ ኀዘን የ38 ዓመት ሕመሙ ብቻ አልነበረም፤ ውሃው በተናወጠ ጊዜ የሚያወርደው ሰው ማጣቱም ነበረ። ሕመምተኛ ምርምርን ሲከታተል ከእግዚአብሔር ይልቅ በሰው ታምኗል ብለን አንንቀፈው፤ ዕውቀት የእግዚአብሔር ስጦታ ነውና በመጠመቂያው ዳር መጠበቁ ነው። ነገር ግን የዕለት ኑሮውን በእያንዳንዱ ወሬ ላይ እንዳይሰቅል፥ ወሬው በተሻረ ቀንም ብቻውን እንዳይሆን፥ አጠገቡ መቀመጥ የእኛ ፈንታ ነው።

ስለዚህ፥ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ቢኖር «ተነሥ፥ በርታ» ከማለት በፊት ምን ያህል ሊነሣ እንደሚችል ጠይቁት፤ የነገራችሁንም እመኑት። ውሃ ቅዱለት፤ ልብሱን እጠቡለት፤ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉለት። ካህናትም የሆን ከቀኖና በፊት አቅምን እንጠይቅ፤ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የታመመውን ከጾም የሚያሳርፈው ስለዚህ ነውና። ያቺ እኅት ዛሬ ስግደት የላትም። ተኝታ አንዲት «አቡነ ዘበሰማያት» ትደግማለች፤ በደከማት ቀን ደግሞ እኛ በአልጋዋ አጠገብ ሆነን እንደግምላታለን።

እግዚአብሔር አምላክ ለሕሙማን ምሕረትን፥ ለመርማሪዎች ማስተዋልን፥ ለእኛም ከመፍረድ የሚዘገይ ልቡና ይስጠን። አሜን።