ዝርዝር ማየትና እውነትን ማየት

ካሜራን ከካሜራ የማወዳደር ልማድ አንድ ሳይመረመር የሚታለፍ የፍልስፍና ግምት ተሸክሟል፤ ይኸውም የምስሉ ዝርዝር በበዛ ቁጥር ምስሉ ለእውነት ይበልጥ ይቀርባል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የሶኒ አልፋ 7 አር 5፣ በውስጣቸው አንጸባራቂ መስታወት ከሌላቸው፣ በተለምዶ ሚረርለስ ከሚባሉት ካሜራዎች አንዱ ሲሆን፣ 61 ሜጋፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራባቸው 61 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች አሉት፤ ተፎካካሪዎቹ ካኖን አር 5 እና ኒኮን ዜድ 8 ግን በ45 ገደማ ይወሰናሉ። ብልጫው ሲሶ ያህል ይመስላል፤ ነገር ግን የሶኒው ምስል በአግድም 9504፣ የኒኮኑ ደግሞ 8256 ነጥቦች ስላሉት፣ በርዝመት ሲለካ ልዩነቱ 15 በመቶ ብቻ ነው። የሌንሱ ቀዳዳ እስከ ኤፍ 11 ሲጠብ ደግሞ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን፣ ይህም ዲፍራክሽን ይባላል፣ አንዲት የብርሃን ጠብታ በሴንሰሩ ላይ 15 ማይክሮሜትር ያህል ትሰፋለች፤ የሶኒው አንድ ፒክስል ግን 4 ማይክሮሜትር እንኳ ስለማይሞላ፣ ትርፎቹ ነጥቦች ያን ያህል ዝርዝር አይጨምሩም።

ዝርዝር ለእውነት ያቀርባልን የሚለው ጥያቄ ግን ከካሜራ ይቀድማል። ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ባሳተመው «ማይክሮግራፊያ» የመርፌን ጫፍ በማይክሮስኮፕ አይቶ ደነዝና ሸካራ መሆኑን ገለጸ። ታዲያ ልብስ ሰፊው መርፌዬ ስል ናት ሲል ተሳስቷልን? አልተሳሳተም፤ ስለት ጨርቅ በመብሳት የሚታወቅ ባሕርይ ነውና። ፈላስፋው ጆን ሎክም ዓይኑ ከማይክሮስኮፕ እጅግ የላቀ ሰው ቢኖር ከሌሎች ሰዎች በተለየ ዓለም እንደሚኖር፣ የሰዓትን ሞላ ጥቃቅን ቅንጣቶች እያየ ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን ከርቀት ማንበብ እንደሚሳነው ተከራክሯል። ማየት መምረጥንም ይጠይቃል።

ይሁን እንጂ የሎክ ክርክር ለሚኖር ዓይን እንጂ ለሚቀመጥ መዝገብ አይበቃም፤ ምክንያቱም መዝገብ ገና ያልተወለደ ጠያቂ የሚያነሳውን ጥያቄም መጠበቅ አለበት። የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ለዚህ ጉልህ ማስረጃ ናቸው፤ በአንድ ገጽ ላይ መስመር ለማስመር የተበሱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ ተፍቆ በሌላ የተተካ የባለቤት ስም፣ በቀይ ቀለም ሥር የቀረ የቆዳው የጠጉር ቀዳዳ ይታያሉ፤ እነዚህን ዛሬ የሚንቃቸው አንባቢ ቢኖር እንኳ ነገ የመጽሐፉን ታሪክ የሚያስረዱ እነርሱ ሊሆኑ ይችላሉ።

የሰው ፊት ግን ከብራና ይለያል፤ ፊት ራሱን የሚገልጠው በአኳኋኑና በአተያዩ ነው፣ የቆዳውን ቀዳዳ ሁሉ መቁጠርም ባለቤቱ ያልፈቀደውን መመርመር ነው። ስለዚህ ጥንታዊ መጻሕፍትን የሚመዘግብ ተቋም የሶኒውን 61 ወይም፣ ሴንሰሩ ሰፋ ያለውን፣ የፉጂፊልም ጂኤፍኤክስ 100ን 102 ሜጋፒክስል ቢመርጥ ትክክል ነው፤ ሰውን ለሚያነሳ ባለሙያ ግን 45ቱ ከበቂ በላይ ነው።