ሕመምተኛ የሚጾመው ምኑን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር በጪጩም በዲላም የሚነሳ ጥያቄ አለ። ካንሰር የያዘው ሰው ሐኪም ያዘዘለትን ሞርፊን በጠዋት ቢወስድ፣ ወተትና እንቁላል ቢቀምስ ጾም ሻረ ይባላል? «መከራውን በትዕግሥት ይቀበል እንጂ» የሚሉ አሉ። ቡና እየጠጡ ሲሉት ይቀላል፤ ሌሊቱን ሲያቃስት ላደረው ግን ሌላ ሕመም ነው።

ትዕግሥትማ ታላቅ ነው። ጌታችንም ሊሰቅሉት ሲሉ ከርቤ የተቀላቀለበትን ወይን አልተቀበለም (ማር. 15፥23)። ብዙዎች የሚከራከሩት ይህን ይዘው ነው። ነገር ግን እርሱ በፈቃዱ የተወው የራሱን ነው። ሕመምተኛን «ቻለው» ብሎ የመለሰው በወንጌል የት ቦታ ነው? ለምጻሙን አነጻ፣ ሽባውን አስነሣ እንጂ። በምሳሌ የነገረን ሳምራዊም በቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን አፍስሷል። ፍትሐ ነገሥትም በአንቀጽ 15 ጾምን ሲያዝ ሕመምተኛውን ለይቶ አይቶታል።

ደግሞ ይህ መድኃኒት ሰዓት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው መመሪያ የካንሰር ማስታገሻ ሕመሙ እስኪነሳ ሳይጠበቅ በሰዓቱ ይሰጣል፤ የሚጠጣው ሞርፊን አብዛኛውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ ነው። እስከ 9 ሰዓት ልጹም ብሎ የጠዋቱን የተወ ሰው ሕመሙ ከተነሳበት በኋላ ማብረዱ ያስቸግራል። ሆድም ያደርቃል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ማለስለሻ ያዝዛል፣ ውኃም ያስፈልጋል። ሱስ ይሆንብኛል ብሎ መፍራትም አለ። ለሕመም በትእዛዝ ሲወሰድ ይህ እምብዛም አያጋጥም፤ አደጋው በገዛ እጅ መጨመርና ድንገት ማቋረጥ ነው። ጸበሉንም ይጠጣ፣ መድኃኒቱንም ይውሰድ።

ምግቡስ? ቆጯችን ኃይል ይሰጣል፤ ሰውነትን የሚጠግነው ፕሮቲን ግን ጥቂት ነው ያለው። ሽሮና ባቄላ የሚወርድለት እሰየው። አፉ ለቆሰለና ለሚያቅለሸልሸው ግን ወተትና እንቁላል ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ይሰጠው። ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና በአገራችን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከጌዴኦ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የጀመረውን ሕክምና በምግብ እጦት ደክሞ ሲያቋርጥ ማየት እንዴት ያሳዝናል!

ታዲያ ምኑን ይጹም? ቂሙን ይተው፣ አቅሙ በቻለ ይጸልይ፤ የቀረውን ከንስሐ አባቱ ጋር ይምከር። ሊጠይቀው የሚሄድ ጎረቤትም ስለ ጾሙ አይጠይቀው፤ እናትም ለታመመ ልጇ እንቁላል ስትቀቅል በሯን አትዝጋ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።