የተውነው ምሳ የት ገባ?

በ2004 ዓ.ም. ረመዳንና ፍልሰታ ተገናኝተው ነበር። እኛ ነሐሴ 1 ቀን ጾማችንን ስንጀምር ሙስሊሞቹ የእነሱን ከግማሽ በላይ ጾመውታል። ያን ጊዜ ዳርፉር ውስጥ በአፍሪካ ኅብረትና በተባበሩት መንግሥታት ጥምር ጦር ሰላም አስከባሪ ነበርኩ።

ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ላደገ ኢትዮጵያዊ ረመዳን እንግዳ አይደለም። ለእኔ አዲስ የሆነው የሱዳኖቹ የማፍጠር ልማድ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወንዶቹ ምንጣፍና ትሪ ይዘው ከግቢ ወደ መንገድ ዳር ይወጣሉ። ቤት ዘግተው ቢያፈጥሩ መንገደኛው ጦሙን ሊያልፍ ነውና፣ አላፊ አግዳሚውን አስቁመው ያስቀምጡታል።

አንድ ምሽት ከቅኝት ስንመለስ አንድ ሽማግሌ እኛንም አስቆሙን። ትሪው ላይ ቴምርና አሲዳ የሚባል ገንፎ ነበር፤ በጆግ ደግሞ ሁሉ ሙር፣ ማለትም የማሽላ ሊጥ ከቅመም ጋር በስሱ ተጋግሮ ከደረቀ በኋላ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ የሚጠጣው ቀላ ያለ መጠጥ። የአሲዳው ወጥ ሥጋ ስለነበረበት እጄን ሰበሰብኩ፤ ጾም ላይ መሆኔንም በአስተርጓሚ ነገርኳቸው። እሳቸው የማን ጾም እንደሆነ አልጠየቁም። ቴምሩን ሁሉ ወደ እኔ አስጠግተው፣ ጾመኛ ሳያፈጥር ከዚህ አይነሳም አሉ።

ሃይማኖታችን አንድ ነው አልልም፤ እኔ የምቆርበው እሳቸው የማይቀበሉትን አምኜ ነው። ግን ሰው ለምን ይጾማል ለሚለው ጥያቄ ሁለታችንም የተማርነው መልስ አለ። በእስልምና ጾመኛን ያስፈጠረ የጾመኛውን ያህል ምንዳ ያገኛል። እኛም ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ላይ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም ለተራበ እንጀራ መቁረስ እንደሆነ እናነባለን።

ራብ በራሱ ጽድቅ አይደለም። እዚያው ዳርፉር ጦርነት ያፈናቀለው ሕዝብ በየመጠለያው ሳይወድ ይራብ ነበር፤ ያንን ጾም የሚለው የለም። ጾመኛ በፈቃዱ ይራባል። የተወው ምግብ ለሌላው ካልደረሰ ግን ጾሙ የምግብ ሰዓት ከማዛወር አያልፍም።

በአገራችን የክርስቲያን ሥጋና የሙስሊም ሥጋ ተለይቶ ይኖራል፤ ይኑር። ቴምርና ውሃ ግን አይለያዩንም። ጾም የያዛችሁ ሁሉ፣ ዛሬ የተዋችሁት ምሳ ለማን እንደሚደርስ ከማፍጠራችሁ በፊት ወስኑ።