ቅኔ ሲታረም

«ውበት ምንድን ነው?» ብሎ የሚጀምር የኪነ ጥበብ ውይይት አይጥመኝም። ጎጃም፣ እነማይ ውስጥ ባለው ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ስማር ይህን ጥያቄ ከየኔታ አፍ ሰምቼው አላውቅም። «ያምራል» ሲሉም እምብዛም አልሰማኋቸው። የሚሉት ሌላ ነበር፤ «አገባቡ አልሄደም»፣ «ይህ ቤት ረዘመ»፣ «ሰሙ ወርቁን አልተሸከመውም»፣ «እስቲ መልሰህ ቁጠረው»።

አንድ ጓደኛችን ባለ ሁለት ቤት በሆነው በጉባኤ ቃና ገበሬን ሰም (የላዩን ትርጉም)፣ ሐዋርያን ወርቅ (የተሸሸገውን) አድርጎ ዘሩን በጥቅምት አዘራው። ወርቁ እንከን አልነበረበትም፤ ትምህርቱም የቀና ነው። የኔታ ግን አላለፉትም። «አንተ ልጅ፣ የአባትህ ጤፍ በጥቅምት ነው እንዴ የሚዘራው?» ልጁ ወሩን ወደ ሐምሌ ሲመልሰው ልኩ ተናጋ፤ ልኩን ሊያቃና ግሡን ለወጠ፤ ግሡ ሲለወጥ ሐዋርያው ቀድሞ ያልነበረውን አገኘ፤ ዝናብ እየወረደበት የሚዘራ ሰው ሆነ። መከራው ወርቁ ውስጥ የገባው በገበሬው ወር በኩል ነው። እነማይ ውስጥ ማንም አራሽ የሚያውቀው ነገር ባይከበር ኖሮ ያ ቅኔ ደረቅ ስብከት ሆኖ ይቀር ነበር።

ፈላስፋው ሉድቪግ ቪትገንሽታይን በ1938 እ.ኤ.አ. በካምብሪጅ ስለ ሥነ ውበት ለጥቂት ተማሪዎች ሲናገር ወደዚሁ ቀርቦ ነበር። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሲፈርድ «ውብ» የሚለው ቃል ብዙም ቦታ የለውም አለ፤ ልብስ ሰፊ የሚናገረው ስለ ርዝመትና ስለ ጥበት ነው። ዲማን ቢያይ ኖሮ ይደሰት ነበር ብዬ አምናለሁ።

የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ እስከ ዛሬ የሚነበበውም፣ በእኔ ፍርድ፣ ባላባቱም ደብተራውም እንደየኑሯቸው ስለሚናገሩ ነው። ደራሲው የጎጃም የቤተ ክህነት ተማሪ መሆናቸው ያስታውቃል።

ፍልስፍና የሚያስተምር ወዳጄ ይቃወመኛል፤ ቅኔው በቤተ ክርስቲያን ሲቀርብ «ይበል!» የሚባለውስ ፍርድ አይደለም ወይ? ነው። ግን ማን እንዳለው አያለሁ። ሊቁ «ይበል» ሲል የትኛው ቃል ቢነሣ ቅኔው እንደሚወድቅ ያውቃል። ግእዝ ያልተማረው ምእመን በድምፁ፣ በመምህሩ ፊት ሊነካ ይችላል፤ ያንን አልንቅም፤ የነካው ግን ቅኔው አይደለም። ወደ ቅኔው ለመግባት አጠገቡ የሚቆም ሰው ያስፈልገዋል። በንግሥ ቀን ጎኔ ላለ ሰው የማደርገውም ይህንኑ ነው፤ ሰሙን እነግረዋለሁ፣ አንድ ቃል እለውጥበታለሁ፣ ከዚያ ምን እንደጎደለ እጠይቀዋለሁ።