የሰው ወርቅና የእናቴ ድሪ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን ምሳሌ ለብዙ ዘመን ያለ ክርክር ተቀብዬው ኖሬአለሁ፤ በተውሶ ጌጥ የመጣ ክብር ጌጡ ሲመለስ አብሮ እንደሚመለስ፣ ጥቂትም ብትሆን በራስ ጥሪት ማጌጥ ለኅሊና ዕረፍት እንደምትሰጥ የሚክድ የለምና። ነገር ግን በቅርቡ በሸዋ ሮቢት የእኅቴ ልጅ ለተክሊሏ ስትሰናዳ የአያቷን፣ ማለት የእናቴን፣ የብር ድሪ አላጠልቅም ብላ ይህንኑ ምሳሌ ስትጠቅስብን፣ የዚህ የአበው ቃል ሥልጣን እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ መመርመር ግድ ሆነብኝ።

ድሪው በ2014 ዓ.ም. በኅዳር ወር የሰሜኑ ጦርነት ከተማዪቱን በያዘ ጊዜ ከጓሮ ተቀብሮ ከዘረፋ የተረፈ ነው፤ ከመሬት ሲወጣ ግን ጠቁሮ፣ ሰንሰለቱም ተበጥሶ ተገኘ። አንጥረኛው ሁለት መንገድ አሳየን፤ አንደኛው የተበጠሰውን ብቻ በይዶ ማጽዳት፣ ሁለተኛው ሁሉንም አቅልጦ ለሙሽራዪቱ በልኳና በዘመኗ አምሳል እንደ ገና መሥራት። ልጅቱ «ሲቀልጥ የራሴ ይሆናል» ብላ ሁለተኛውን መረጠች። ምሳሌውን እስከ ፍጻሜው ለሚታዘዘው መድረሻው እንግዲህ ይህ ነው፤ የሟችን ጌጥ የራስ ለማድረግ ተዝካሩን በእሳት ማጥፋት።

ብሩ ከመነሻውስ የማን ነበረ? አንጥረኞቻችን ጌጡን የሚያወጡት ጠገራ ብር እያቀለጡ ነበር፤ ጠገራውም የኦስትሪያዪቱን ንግሥት የማርያ ትሬዛን መልክ ይዞ፣ እርሷ ከሞተችበት ከ1780 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዘመኑ ሳይለወጥበት ሲመታ የኖረ፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝን፣ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ ከሚያቋርጠው ሲራራ ጋራ ወደ ይፋቱ የአልዩ አምባ ገበያ የሚገባ ገንዘብ ነበር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጥቶ ጠገራው ከገበያ ሲለቅ፣ በክርስቲያኑም በእስላሙም ቤት በሴቶች አንገት ላይ ቀረ። ምሳሌው በጥብቅ ቢፈጸም ኖሮ፣ በባዕድ ንግሥት ብር የተዳሩት የይፋት ሙሽሮች ሁሉ ሳይደምቁ በቀሩ ነበር።

በእናቴ ድሪ ላይ ከሌሎቹ የሚወፍር አንድ ቀለበት አለ፤ የሙሽራዪቱ እናት ሕፃን ሳለች፣ በጀርባ ታዝላ ስባ በበጠሰችው ጊዜ የተተካ ነው። ይህ ቀለበት ከሥራው ጥራት አንጻር ጉድለት ነው፤ ለእኔ ግን ከድሪው ሁሉ የሚበልጥብኝ እርሱ ነው፤ ምክንያቱም በውስጡ አያት፣ እናትና ልጅ በአንድ ስፍራ ተያይዘው ይገኛሉ። ዛሬ የሚበየደውም ስፌት ጎልቶ ቢታይ እወዳለሁ፤ የ2014ን ስደት ለሚመጣው ትውልድ የሚመሰክር በቤታችን ከእርሱ ሌላ ዕቃ አልተረፈምና።

ይህን ብልም ምሳሌው ሐሰት ነው አልልም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከዘረፈው ንዋየ ቅድሳት አንዱ የሆነው የወርቅ ዘውድ ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል፤ ጥበቃው የቱንም ያህል ቢያምር፣ በግፍ የተወሰደ ዘውድ የወሰደውን አያደምቀውም፤ አበው ቃሉን ለዚህ ተናግረውት ቢሆን አንዲት ፊደል አልነቅፍም። በአደራ የተላለፈን ጌጥ ግን ከተዘረፈውና ከተዋሱት ጋራ በአንድ ሚዛን ማስቀመጡ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ የወረሰ ሰው የሚመልስለት ባለቤት የለውም፤ የሚያስተላልፍለት ተከታይ ነው ያለው።

ይህን ሁሉ ለልጅቱ ነገርኋት፤ ስለ ወፍራሙም ቀለበት እናቷ ራሷ ነገረቻት። ከብዙ ክርክር በኋላ ማቅለጡን ትታ፣ ድሪው ለአንገቷ ስለ ረዘመ እንዲያጥርላት ብቻ ጠየቀች፤ አንጥረኛውም የተበጠሰውን በይዶ፣ ትርፉን ቀለበቶች ነቅሎ በጨርቅ ቋጥሮ ሰጣት፤ እርሷም ለታናሽ እኅቷ አስቀምጣዋለች።