ፎቶግራፍ ማንሣትና ማየት

ሰው ውበትን ከሩቅ አገር ይፈልጋል። ባሕር ተሻግሮ የማያውቀውን ተራራና ሕንፃ ባየ ጊዜ ይደነቃል፤ በደጃፉ የሚያልፈውን ግን እንደሌለ ይቈጥረዋል። አበው «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» ማለታቸው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ውበት የሚገኘው በሚታየው ነገር ላይ ነውን? ወይስ በሚያየው ሰው ትጋት? ለዚህ ጥያቄ የፎቶግራፍ ጥበብ ታሪክ መልካም ምስክር ይሆናል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1838 ዓ.ም. ሉዊ ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ ቡልቫር ዱ ታምፕል የሚባለውን የፓሪስ ጎዳና ከፎቅ መስኮት ሆኖ በፎቶግራፍ አነሣው። ጎዳናው ሰውና ሠረገላ የሚበዛበት ነበረ። ነገር ግን የዚያ ዘመን መሣሪያ መልክን ለመቅረጽ ደቂቃዎች ይፈጅበት ስለ ነበረ፥ የሚሄደው ሁሉ ሳይቀረጽ አለፈ፤ ጎዳናውም ባዶ መስሎ ቀረ። በግልጥ የታየው ጫማውን ለማስጠረግ የቆመ አንድ ሰው ነው፤ ጫማ ጠራጊውም በአጠገቡ በደብዛዛው ይታያል። ስማቸው አልታወቀም፤ ሆኖም በፎቶግራፍ ላይ ከታዩት ሰዎች የመጀመሪያዎቹ እነርሱ እንደ ሆኑ ይነገራል። ለዚህ ያበቃቸው ሹመት ወይም ሀብት አይደለም፤ በአንድ ስፍራ ረግቶ መቆየት ነው እንጂ።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። መሣሪያው ከዐይን ጥቅሻ ፈጥኖ ያነሣል፤ በየሰው ኪስ ባለው ስልክ ውስጥም ይገኛል። ስለዚህ የሚነሣው ሰው ቢሮጥም አያመልጥም፤ ሳይቀረጽበት የሚያልፈው አንሺው ራሱ ነው። መንገደኛው ላሊበላ ደርሶ ከመኪናው ይወርዳል፥ 100 ጊዜ ያነሣል፥ ተመልሶም ይሳፈራል። ቤቱ ሲገባ «ምን አየህ?» ቢሉት ስልኩን ያወጣል እንጂ የሚተርከው የለውም፤ አነሣ እንጂ አላየምና።

ይህ ሲባል ግን መሣሪያውን መንቀፍ አይገባም። ኦዤን አትዤ (1857–1927) የተባለው ፈረንሳዊ ከባድ ካሜራና የመስታወት ሰሌዳ ተሸክሞ በፓሪስ መንገዶች ለብዙ ዓመታት ተመላልሷል። ያነሣውም የከተማው ሰው በየቀኑ እያለፈ ልብ የማይለውን ነው፤ ይኸውም የቤት በርን፥ ደረጃን፥ የሱቅ መስኮትንና በየመንገዱ ዞሮ የሚሸጠውን ሰው። በ1920 የፈረንሳይ መንግሥት ከ2,500 የሚበልጡ ሰሌዳዎቹን ገዛው። እነሆ፥ ሩቅ አገር ሳይሄድ በገዛ ከተማው ውስጥ መንገደኛ መሆን ይቻላል።

ይሁን እንጂ ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ አለ። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ ወደ አዲስ አበባ የምትወርድ ሴት፥ የማለዳ ፀሐይ በበራባት ጊዜ ያማረ ሥዕል ትሆናለች፤ ጀርባዋ ግን ጐብጧል። ፎቶግራፍ ብርሃኑን ይይዛል እንጂ ሸክሙን አይመዝንም። ስለዚህ ውበቱን አይቶ ድካሙን ያላየ ዐይን ግማሹን ብቻ አየ።

አንዳንዶች «እንዲህ ያለው ነገር ከቶ አይነሣ» ይላሉ፤ ይህም ልክ አይደለም፤ ያልታየ ድካም የሚያዝንለት አያገኝምና። ነገር ግን ፊቷ የእርሷ ገንዘብ ስለ ሆነ፥ ሰላምታ ይቅደም፥ ፈቃድም ይጠየቅ፤ እምቢ ብትል መሣሪያው ወደ ኪስ ይመለስ። በኢትዮጵያ ገጠር መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች ሰላምታ ሳይለዋወጡ ማለፍን እንደ ነውር ይቈጥሩታል። ይህ ልማድ ለፎቶግራፍ አንሺ ታላቅ መምህር ነው፤ የቸኮለውን ያቆመዋልና። «እንደምን አደርሽ» ብሎ የቆመ ሰው፥ ፎቶግራፉን ባያነሣ እንኳ፥ ለማየት የመጣበትን አይቷል።